መስመሩን የለቀቀው ብርሃን

መስከረም 28

ለተወደድከው ወንድሜ፣

ይህች ወረቀት እጅህ ስትገባ በሙሉ ጤና፣ በጥሩ እንቅልፍና በደረቅ ጫማ ታግኝህ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል፣ እኔም እሰድበዋለሁ፤ እንዲህ ተግባብተን እንኖራለን። አንተ ከሄድክ ወዲህ በዚህ ቤት መልስ የሚሰጠኝ እሱ ብቻ ነው።

ዘንድሮም ሦስተኛ ክፍልን ይዣለሁ። ክፍሌን ታውቀዋለህ፤ ሳይንሱን፣ ሥዕሉንና ትምህርተ ክርስቶሱን ለያይቼ አላስተምርም። ባቄላ በብርጭቆ እናበቅላለን፣ በየቀኑ እንስለዋለን፣ ሥሩ ሲወጣ ስለ ዘሪው የሚናገረውን ወንጌል እናነባለን። ልጆቹ የትኛው ትምህርት የት ላይ እንዳለቀ አያውቁትም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቀውም። የድሮዋ ሲስተር ይህን ይወዱልኝ ነበር። አዲሷ ርዕሰ መምህርት ሲስተርም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን የጊዜ ሰሌዳ ይወዳሉ። ባለፈው ሳምንት ቢሯቸው ጠርተውኝ ዓመቱ ሳያልቅ ከሀገረ ስብከቱ የትምህርት ተቆጣጣሪ እንደሚመጡ ነገሩኝ። ክፍሉን ዐይተው ካልወደዱት ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ሳይንሱ ለሳይንስ መምህሩ፣ ትምህርተ ክርስቶሱ ለሃይማኖት አስተማሪው ለካቴኪስቱ ይሰጣል። ሥዕል ይቀራል። እኔ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መጽሐፍ እለብዳለሁ። «ማረፊያ ይሆንሻል» አሉኝ። ማን ደከመኝ አላቸው?

ወንድሜ፣ እኔ ከዚህ ክፍል ሌላ ቤት የለኝም፤ አልጋዬ ያለበትን ቤት ካላልከው በስተቀር።

እና ልመናዬ ይኸውልህ። ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ፣ ሦስቱንም በአንድ ላይ የሚይዝ ሥራ ፈልግልኝ። «ጥያቄው» ብለን የሰየምንህ በከንቱ አይደለም። አባ ሲሰብኩ እጅህን አውጥተህ፣ ብርሃን በመጀመሪያው ቀን ከተፈጠረ ፀሐይ በአራተኛው ቀን ምን ልትሠራ መጣች ብለህ ስትጠይቅ ጆሮህን ያሸሁህ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ያው ጥያቄ አስፈለገኝ።

ቅዳሴ ትሄዳለህ ወይ? ምሳህንስ ከማን ጋር ነው የምትበላው? ሁለቱንም መልስልኝ፤ አንዱን መልሰህ አንዱን እንዳትዘል፣ አውቅሃለሁ።

የእናታችን አምላክ ይጠብቅህ።

እህትህ


ጥቅምት 14

ለውድ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስሽ። ጉልበትሽንም ሰላም በይልኝ፤ ከኔ ይልቅ እሱ እየጦረሽ መሆኑን ሰማሁ።

እዚህ በሰው አገር፣ በፋብሪካችን፣ ምሳችንን የምንበላው በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ጠረጴዛው ሙሉ ነው። ከጎኔ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ አለ። ሪዙ ከንፈሩን ስለሸፈነው እዚህ ሁሉም «ሪዛሙ» ይለዋል። እሱና እኔ አንድ ማሽን ላይ የመነጽር መስታወት እንሞርዳለን። ማሽኑ ስለሚጮህ ጆሯችንን ደፍነን ነው የምንውለው፤ በእረፍት ሰዓት ግን የሰማይ ነገር ከተነሳ አያቆምም። ደብዳቤሽን ተርጉሜ ባጫውተው ይህን ነገረኝ።

የክፍልሽ ጣሪያ ላይ ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ አስበሺ። መስኮቶቹን በመጋረጃ አጨልሚ። የፀሐይ ብርሃን በቀዳዳዋ ገብቶ ወለሉ ላይ ክብ ነጥብ ይሆናል። ነጥቡ ጠዋት ከመስኮቱ በኩል ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ በሩ ይሄዳል። የቀትሩ የጸሎት ደወል ሲደወል ያረፈበትን ቦታ በጠመኔ አክብቡ። በመጀመሪያው ቀን ክቡን አቋርጦ ከጥቁር ሰሌዳው እስከ ኋላው ግድግዳ የሚደርስ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም አስምሩ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አክብቡ፣ ሳሉ፣ ጸልዩ። ነጥቦቹ መስመሩን ይለቁታል። የት እንደሚሄዱና ምን ቅርጽ እንደሚሠሩ አልነግርሽም። ላንቺ ነገርኩ ማለት ለልጆቹ ነገርኩ ማለት ነው፤ ምሥጢር ሆድሽ አያድርም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ መሆን አለበት። ደወላችሁ ሰዓቱን ካልሳተ ይበቃል።

ሪዛሙ ለልጆቹ ሰላም ብሏል።

ወንድምሽ ጥያቄው


ኅዳር 6

ለወንድሜ ለጥያቄው፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? የላይኛው ጌታ የእጅህን ሥራ ይባርክ፣ ዓይንህንም ከመስታወት ብናኝ ይሰውርልኝ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ስለ ምሳ መለስክ፣ ስለ ቅዳሴ ዘለልክ። አላልኩም?

ጣሪያ መበሳት እንዲህ ቀላል መሰለህ? ሲስተር መጀመሪያ ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። ሰው ቆርቆሮ ለመድፈን ይለምናል እንጂ ለመብሳት የሚለምን ዐይቼ አላውቅም አሉኝ። ዝናብ ከመምጣቱ በፊት እደፍነዋለሁ ብዬ በመስቀል ምዬ አስፈቀድኩ። የበሳልን አያ ቃጭሌ ነው። አታውቀውም፣ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የተቀጠረው፤ ደወል ደዋያችን ነው። ስሙን ያወጡለት ልጆቹ ናቸው። የደወሉ ገመድ የሚወርደው በረንዳው ላይ፣ ልክ በክፍሌ መስኮት አጠገብ ስለሆነ ደወል ከመደወሉ በፊት ሁልጊዜ መጋረጃዬን ገለጥ አድርጎ ያያል። ልጆቹን ማየት ይወዳል። እሱም እንደኔው ብቸኛ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ባየህ! መጋረጃውን ስንዘጋ ሠላሳ ልጅ በአንድ አፍ ጮኸ፤ ነጥቧ ወለሉ ላይ ስትታይ ግን ሠላሳው ልጅ ጸጥ አለ። አንዷ፣ ፍንጭቷ እንላታለን፣ እጇን ብርሃኑ ውስጥ አስገብታ መዳፏን ታገላብጥ ነበር። ደወሉ ተደወለ፣ አከበብን፣ እዚያው ዙሪያውን ቆመን የቀትሩን ጸሎት አደረስን። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ሳለ። አንዱ ነጥቧን እንቁላል አደረጋት፣ አንዱ የመልአክ እግር ወለል የነካበት ቦታ ነው አለ። መስመሩን በሰማያዊ ቀለም አሰመርን።

አሁን በየቀኑ ነው። ልጆቹ ከእሑድ በቀር መቅረት ትተዋል። ነጥቧ በመስመሩ ላይ ወደ ሰሌዳው ትጠጋለች። መቼ እንደምትለቅ እየጠበቅን ነው።

ልጆቹ ስለ ሪዛሙ ብዙ ይጠይቃሉ። ሪዙ እውነት ከንፈሩን ይሸፍናል? ሾርባ እንዴት ይጠጣል?

እህትህ


ታኅሣሥ 24

ለውድ እትዬ፣

ጤና ይስጥሽ። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሥራ በዝቶ ነው።

ሪዛሙ ሾርባውን በማንኪያ ጫፍ ይጠጣል በያቸው፤ ለልጆቹም ሰላም ብሏል። እዚህ ሁሉም ደህና ነው፣ ጠረጴዛችንም እንደ ሞላ ነው።

ነጥቦቹን ስስ ወረቀት ዘርግታችሁ ገልብጣችሁ ላኩልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 17

ለምወድህ ወንድሜ፣

ጌታ ሆይ፣ ይህን ልጅ ጠብቅልኝ ብዬ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ያለፈው ደብዳቤህ ከቴሌግራም አይረዝምም። ሥራ በዝቶ ነው አልክ። ይሁን።

ቅጂውን ልኬልሃለሁ። ስድስት ወረቀት በሙጫ ተያይዞ ነው፣ እንዳይቀደድብህ። እንዴት ያምራል! ነጥቦቹ አንዱም ሳይዛነፍ በመስመሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድረዋል። ሲስተር ራሳቸው መጥተው ዐይተው «ሥርዓት ማለት ይህ ነው» ብለው አደነቁ። ይለቃል ያልከው እስካሁን አልለቀቀም፤ ሪዛሙ ሳይሳሳት አይቀርም በለው፣ በትሕትና።

ሌላ ጠብ ካልሰማህ ደግሞ የትምህርት ቤታችን ወሬ አይሞላም። የወጥ ቤቷ እትዬ ከሁላችንም ጋር ተኳርፋለች። ምግቤን በሰዓቱ አወጣለሁ፣ ልጆቹ ግን የሚመጡት ሲቀዘቅዝ ነው ትላለች። ሲስተር የእጅ ሰዓታቸው ከደወሉ እየቀደመ ስላስቸገራቸው ሁለት ጊዜ ለሠሪ ሰጥተውት ነበር። ሠሪው ሰዓቱ ጤነኛ ነው ብሎ መለሰላቸው፤ እሳቸው ግን አላመኑትም፣ ከደወሉ ጋር አስተካክለው አሰሩት። የቢሮው የግድግዳ ሰዓትም ይቸኩላል ተብሎ ወደ ኋላ ተመልሷል።

ከቅጂው ጋር ያለችው ሥዕል ከልጆቹ ለአንተ ናት። ምሳ ስትበላ ነው። መሀል ላይ ያለኸው አንተ ነህ፤ አጠገብህ ያለው ሪዝ ሪዛሙ ነው። የቀሩት ጓደኞችህ ናቸው። ሁሉም የሚስቁት ፍንጭቷ ቀልድ ስለነገርካቸው ነው ብላለች። ግድግዳህ ላይ ለጥፋት። ቶሎ ጻፍልኝ።

ናፋቂህ እህትህ


የካቲት 20

ለውድ እትዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሥዕሏ ደርሳኛለች፣ ለጥፌያታለሁ። ልጆቹን እግዚአብሔር ያሳድጋቸው።

አሁን የምጽፍልሽ ደስ አያሰኝሽም። ቅጂው ልክ አይደለም። ነጥቦቹ መስመሩ ላይ ሊቆዩ አይችሉም። ፀሐይ እንደ ሰው ናት፤ በአንዱ ወቅት ከሰዓት ትቀድማለች፣ በሌላው ትዘገያለች። ስለዚህ ከኅዳር ወዲህ በትክክለኛው ቀትር ብታከብቡ ኖሮ ነጥቦቹ መስመሩን ለቀው ወደ መስኮቱ በሄዱ ነበር። ዓመቱ ሲሞላ እንደ ስምንት ቁጥር የተጠማዘዘ ቀለበት ይሠራሉ። ሳልነግርሽ የቆየሁት ይህን ነበር።

ከሁለት ወር በላይ መስመሩ ላይ ካረፈ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሆነው፦ ደዋያችሁ የሚደውለው ሰዓት ዐይቶ ሳይሆን ብርሃኑ መስመራችሁን ሲነካ ዐይቶ ነው። መስመሩ ደወሉን ያዝዛል፣ ደወሉ እናንተን ያዝዛል፣ እናንተ መስመሩን ታያላችሁ። ቀጥ ብሎ ያምራል፣ ግን ምንም አይናገርም። የወጥ ቤቷ ምግብም የሚቀዘቅዘው በዚሁ ነው። ደወላችሁ አሁን ግማሽ ሰዓት ሊዘገይ ምንም አልቀረው።

ተቆጣጣሪው ይህን ካወቁ ክፍልሽ አለቀለት። ስለዚህ ከመጽሐፍ አስልቼ ነጥቦቹ በየቀኑ የት ማረፍ እንደነበረባቸው በወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፌልሻለሁ። የድሮውን አጥበሽ እነዚህን በቀለም አድርጊ። ማንም አያውቅም። ልክ ነው፤ ፀሐይዋ ራሷ እዚያው ነበረች።

ሪዛሙም ሰላም ብሎሻል።

ወንድምሽ


መጋቢት 8

ለወንድሜ፣

ጤናና ሰላም ከአንተ ጋር ይሁን። ደብዳቤህን ያነበብኩት ቆሜ ነበር፤ ከዚያ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ከቀትር በፊት በረንዳው ላይ ሄጄ ከአያ ቃጭሌ ጎን ቆምኩ። ገመዱን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው መጋረጃዬን ገልጦ፣ አፉን ከፍቶ ወለሉን ያያል። ብርሃኗ ሰማያዊውን መስመር ስትነካ ጎተተ። ሲጨርስ ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደሚደውል ጠየቅኩት።

«ካሰመራችሁልኝ ጀምሮ ነዋ» አለኝ። «ይህን ሁሉ ዘመን የቢሮውን ሰዓት በመስታወት አጮልቄ ነበር የማየው፣ ዓይኔ ደግሞ እምቢ ብሎኛል። እናንተ ከሰማይ አውርዳችሁ መስመር ስትሠሩልኝ ልጆቹ አሰቡልኝ ብዬ መረቅኳችሁ። ለኔ አልነበረም እንዴ?»

ወንድሜ፣ ከተቀጠረ ጀምሮ አንድ ሰው አንድ ነገር ሠራልኝ ብሎ የተደሰተው ያኔ ነው። ለአንተም ነው አልኩት፣ ከዚያ ነገሩን አስረዳሁት። ሲገባው ኮፍያውን አወለቀና ለእግዜርም ለልጆችም አርፍጄ ስጸልይ ከረምኩ አለ። ሲስተር ጋ እኔው ሄጄ ነገርኩ። መጀመሪያ ሰዓታቸውን አዩ፣ ቀጥለው እኔን አዩኝ፣ ከዚያ የወጥ ቤቷን እትዬ ይቅርታ ሊጠይቁ ወጡ። እሷም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብላ ድስቷን አማሰለች አሉ። በፖስታ ቤቱ ሰዓት ሁሉንም አስተካክለናል።

የላክልኝን ቁጥር ለልጆቹ አሳየሁ። ምሥጢር ሆድሽ አያድርም ብለህ የለ? እናጥባቸውና እነዚህን እንሳል ወይ አልኳቸው። ብዙዎቹ ብሩሽ ፍለጋ ተነሱ፤ አልዋሽህም፣ እኔም ልቤ ተነስቶ ነበር። ፍንጭቷ ግን ወለሉ ላይ እንደ ተቀመጠች «እነዚህን እኮ አላየናቸውም» አለች። ብሩሽ የያዙትም አስቀመጡ።

እውነቷን ነው። እግዚአብሔር ብርሃን ነው ብዬ በማስተምርበት ወለል ላይ ያላየሁትን ብርሃን ቀለም ልቀባ? ተቆጣጣሪው ይምጡ፣ ያለውን እናሳያለን። ወረቀትህን አጥፌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። አልተቆጣሁህም። ለኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ።

ትናንት በትክክለኛው ሰዓት ተደወለ። ብርሃኗ ከመስመሩ አንድ ክንድ ርቃ፣ በመስኮቱ በኩል ብቻዋን ወደቀች። ልጆቹ አጨበጨቡ፣ እኔ ግን አላጨበጨብኩም። ከዚያ ሁሉ ነጥብ ተለይታ ብቻዋን ስትታይ አንተን አስታወሰችኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እህትህ


ግንቦት 26

ለወንድሜ ለጥያቄው፣

መልስ ሳላገኝ ሁለተኛ መጻፌ ነው። ደህና ነህ ብዬ ልመን። ፖስተኛው ሲያየኝ አሁን አሁን ገና ከሩቅ ራሱን ይነቀንቃል፤ ልጁ ሊያዝንልኝ ጀምሯል።

ተቆጣጣሪው መጡ። ቀጭን፣ ትሁት፣ ቦርሳቸውን ከእጃቸው የማይለቁ ሰው ናቸው። ልጆቹ መጋረጃውን ዘግተው ሁሉንም ተራ በተራ ነገሯቸው፦ ቀጥ ያለውን ረጅም ሰልፍ፣ ስህተቱን፣ ከዚያ መስመሩን የለቀቁትን ነጥቦች። አንድ ክንድ ርቀው የነበሩት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተመለሱ እስከ ስንዝር ቀርበው ነበር፣ አሁን ደግሞ መልሰው መራቅ ጀምረዋል። ሲታጠፉ በዓይን ይታያሉ። በግድግዳው ላይ የልጆቹ ሥዕሎች አሉ፤ አያ ቃጭሌ ገመዱን ይዞ መጋረጃ ሲገልጥ የሚያሳየው ትልቁ ነው። እሱ ራሱ ተጠርቶ ቆሞ ነበር፣ አንገቱን ደፍቶ። ልጆቹ ሲናገሩ ግን «ጥፋቱ» አላሉም። «አያ ቃጭሌ መስመሩን ወደደው» ነው ያሉት።

ተቆጣጣሪው ተንበርክከው ነጥቦቹን በጣታቸው ተከተሉ። ጉልበታቸው ጠመኔ ሆነ። ያኔ ተስፋ አደረግኩ። ደወሉ ሲደወል አብረውን ጸለዩ። ሲነሱ ሱሪያቸውን እያራገፉ ጠየቁኝ።

«መልካም ሥራ ነው። ግን በጊዜ ሰሌዳው ላይ በየትኛው ክፍለ ጊዜ ልጻፈው?»

«በቀትሩ ይጻፉት» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ፣ ጻፉም። ምን እንደጻፉ አላየሁም። ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይመጣል ተብሏል።

ከአሁን ወዲያ ምንም እንድትልክልኝ አልፈልግም፤ አንድ መስመር ብቻ ጻፍልኝ። እየበላህ ነው ወይ?

እህትህ


ሰኔ 4

ለእትዬ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። የመጋቢቱን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። መልስ ልጽፍ እየጀመርኩ፣ ደህና ነኝ የሚለው ላይ እየደረስኩ ተውኩት።

ሪዛሙ ኅዳር ላይ ጡረታ ወጣ። ልጁ ያለበት ከተማ ሄደ። ከዚያ በኋላ የጻፍኩልሽ ሰላምታ ሁሉ የኔ ነው፤ እሱ አላለም። ጠረጴዛው ሙሉ ነው ያልኩሽ ውሸት አይደለም፣ ሙሉ ነው፤ እኔ ግን ጫፉ ላይ ነኝ። ቋንቋቸው ቶሎ ስለማይገባኝ ቀልዳቸው ያመልጠኛል፤ እኔ ስቄ ስደርስ እነሱ ጨርሰዋል። አሁን አሁን ማሽኔ አጠገብ ቆሜ እበላለሁ። ማሽኑ ጠፍቶም ጆሮዬን የደፈንኩበትን አላወጣውም። እሑድ የምውለው አልጋ ላይ ነው። ቅዳሴ አልሄድም እትዬ። ጠልቼ አይደለም። መጀመሪያ አንድ እሑድ ቀረሁ፣ የት ነበርክ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ልጆቹ የሳሉልኝን ሥዕል ግድግዳው ላይ መለጠፌ እውነት ነው። በኋላ ግን አዙሬ ለጠፍኩት። ሁሉም ይስቃሉ፣ አልቻልኩም።

አያ ቃጭሌ መስመሩን እያየ ደወለ፣ እኔም አንቺ መስማት የምትፈልጊውን እያየሁ ጻፍኩ። ቀጥ ያለ ነበር፣ ያምር ነበር። የሱን መስመር ቶሎ የነቃሁበት እኔም ያንኑ ስለምሠራ ነው። ፍንጭቷ «አላየናቸውም» ማለቷን ሳነብ አፈርኩ።

እየበላሁ ነው። ይኸው አንድ መስመር።

ወንድምሽ


ሰኔ 25

ወንድሜ፣ አካሌ፣

እግዚአብሔር የት ነበርክ የሚልህ ሰው ይስጥህ። እስኪሰጥህ ድረስ እኔ እልሃለሁ። የት ነበርክ?

ደብዳቤህን ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ አንብቤ አለቀስኩ፤ ልጆቹ ለዕረፍት ስለተበተኑ ያየኝ የለም። አልቆጣህም። እናታችን ብትኖር በጆሮህ ትይዝህ ነበር፣ እኔ ግን እጄ አይደርስም።

ውጤቱ መጥቷል። ተቆጣጣሪው «የሚመሰገን ትጋት» ብለው ጽፈዋል፣ ከታች ደግሞ ትምህርቶቹ ከመጪው ዓመት ጀምሮ በየክፍለ ጊዜያቸው ይሰጡ ብለዋል። ሳይንሱ ሄደ፣ ትምህርተ ክርስቶሱ ሄደ፣ ሥዕል ቀረ። እኔ ቤተ መጻሕፍት ገብቻለሁ። መስኮቱ ወደ ግንብ ነው የሚያየው። ትናንት ሙሉ ቀን መጽሐፍ ስለብድ ዋልኩ፣ ከሙጫው በቀር ያነጋገረኝ የለም። ቀለሙን ብቀባው ኖሮ ይለወጥ ነበር ወይ? እንጃ። ይህን ጥያቄ ለአንተ አልሰጥህም፣ የኔ ነው።

ዝናቡ ስለጀመረ ቀዳዳው ይደፈን ተባለ፣ የማልኩትም እኔ ነኝ። አያ ቃጭሌ ቆርቆሮ ይዞ ወጣ። ብዙ ቆየብኝ። ሲወርድ ከቆርቆሮው ጫፍ ቀጭን ሽቦ በረንዳው ድረስ ወርዶ ከደወሉ ገመድ አጠገብ ታስሯል። ሽቦው ሲሳብ ቆርቆሮው ይንሸራተታል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል። ዝናብ አይገባም። ሲስተር ቆመው ሲያዩ ነበር፤ ተደፍኗል ወይ ብለው ጠየቁት፣ ተደፍኗል አላቸው፣ እሳቸውም ጥሩ ብለው ሄዱ። ሰዓታቸውን እያዩ ነው የሄዱት።

ልጆቹ ዕረፍት ላይ ናቸው፤ ሰማይ በጠራ ቀን ግን ለቀትር ሲቃረብ በአጥሩ በኩል ይመጣሉ። አራት ይሁኑ አምስት፣ አንዳንዴ ፍንጭቷ ብቻ። እኔም ሙጫዬን ትቼ እወርዳለሁ። አያ ቃጭሌ ሽቦውን ይስባል፣ ከዚያ ይደውላል። እናከብባለን፣ እንጸልያለን። አሁን ማንም አያዝዘንም፣ በማንም ሰሌዳ ላይ የለንም።

ደህና ነኝ እያልክ አትጻፍልኝ። ብርሃኑ አንተ ጋ የት እንደሚወድቅ ጻፍልኝ።

እህትህ


ሐምሌ 19

ለእትዬ፣

ክፍልሽን በመነጠቅሽ አዝኛለሁ። 

ብርሃኑ እኔ ቤት አይገባም። መስኮቴ ከፊት ለፊቴ ያለውን ሕንፃ ግድግዳ ነው የሚያየው። እንደ አንቺ ቤተ መጻሕፍት። ይህን ጽፌ ልልክልሽ ነበር፤ ዛሬ ግን እሑድ ነው፣ አልጋ ላይ ነበርኩ፣ እና በቀትር ግድም ፊት ለፊት ያለ ሰው መስኮቱን ከፈተ። ፀሐይ መስታወቱን መታችው፣ ከዚያ ነጥራ ክፍሌ ገባች። ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከዳቦው ፍርፋሪ አጠገብ ወደቀች። ክብ አይደለችም፣ የተዛነፈች ናት። ተነስቼ በእርሳስ አከበብኳት። የላከልኝን ሰው አላየሁትም፣ መስኮቱን ከፍቶ ገባ።

የልጆቹን ሥዕል ገልብጬ ፊቷን አውጥቻለሁ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አንድ ባዶ ወንበር አለ፣ ከዚህ በፊት አላስተዋልኩትም። ማን ነው የሳለው? ለማን ነው?

እዚያው ቆሜ የቀትሩን ጸሎት ጀመርኩ። መጀመሪያው በአፌ መጣ፣ መጨረሻውም አለኝ። መሀሉ ጠፋኝ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሁለቴም እዚያው ላይ ቆምኩ።

ስለዚህ ይህን የምለምነው አንቺን አይደለም፣ ከአጥሩ በኩል የሚመጡትን ነው። መሀሉን ይጻፉልኝ። ፍንጭቷ ትጻፍ፣ ሌሎቹ ዙሪያውን ይሳሉበት። ቀስ ብለው ይሥሩት፣ እጠብቃለሁ።

ወንድማችሁ ጥያቄው